ጭራቸው አንድ የሆኑ ቃላት

ልጄ ሺራ የእንግሊዝኛ ቃላቷን የፍሪጁ በር ላይ ለጥፋለች። ባግሩት የሚሉት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሊደርስባት ነው። ወተት ላወጣ በሩን በከፈትኩ ቁጥር ወረቀቱ ፊቴ ላይ ይወዛወዛል። እኔ እንግሊዝኛ አላነብም። ዕብራይስጡም ቢሆን የአውቶቡስ ቁጥርና የመድኃኒት ስም ላይ ያበቃል። አማርኛ ግን አገር ቤት እስከ ሦስተኛ ክፍል ተምሬያለሁና ቀስ ብዬ እጽፋለሁ፤ ይኸው እየጻፍኩ ነው። ዛሬ ሽንኩርት እየከተፍኩ ቀና ስል ታዲያ፣ ወረቀቱ ላይ ከላይ እስከ ታች የማውቃቸውን አራት ፊደሎች አየሁ። በእያንዳንዱ ቃል መጨረሻ እንደ ጭራ ተንጠልጥለዋል። ነስ፣ ነስ፣ ነስ።

«ይሄ ካይንድነስ አይደለም?» አልኳት በጣቴ እየነካሁ።

ሺራ ቀና አለች። «ኢማ! አንቺ ደግሞ ከየት ታውቂያለሽ?»

«አንቺ ሆዴ ውስጥ ሆነሽ አብረን ነው የተማርነው።»

ሳቀች፤ ግን ሳቋ ቶሎ አለቀ። በእጇ ይዛው የነበረውን ስልክ ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። የእሷ ስልክ አይደለም፣ የእኔ ነው። ኩፓት ሆሊም በሚሉት የሠፈሩ ክሊኒክ፣ ከግራ ጡቴ ውስጥ ካገኙት ነገር በመርፌ ቀንሰው ለምርመራ ከላኩ ሰነበቱ። መልሱ የሚመጣው በስልክ ነው፤ በስልክ የሚመጣውን ሁሉ የምታነብልኝ ደግሞ ሺራ ናት።

«መጣ?» እላታለሁ ጠዋት ጠዋት።

«ኦድ ሎ» ትለኛለች፣ ገና ነው ማለቷ ነው። እኔ በአማርኛ እጠይቃለሁ፣ እሷ በዕብራይስጥ ትመልሳለች። ቤታችን የሚነጋገረው እንዲህ ነው።

ፈርቻለሁ። ሰው ሲፈራ ልቡ ይመታል፣ እንቅልፍ ያጣል ሲሉ እሰማለሁ። እኔ እንደዚያ አልሆንኩም። እተኛለሁ፣ እበላለሁ፣ የባሌን የአስማረን ሸሚዝ እተኩሳለሁ። ብቻ ሁሉም ነገር ከመስታወት ወዲያ ያለ ይመስለኛል። አስማረም ደህና ነው። እንዲያውም ሐሙስ ዕለት፣ ጉድ እኮ ነው፣ ከሥራ ቀድሞኝ ገብቶ የቤቱን ወለል በሙሉ አጥቦ ጠበቀኝ።

ይህ ከመስታወት ወዲያ የመሆን ነገር ስም አለው። ስሙን የተማርኩት ለሃቪም በምትባል መንደር ነው፣ ሺራ ሳትወለድ፣ ሰው ቤት ሳጸዳ።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ከአስማረ ጋር ሽኩና ጊሜል በሚባል ሠፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ እንኖር ነበር፤ ደረጃው ላይ የሩሲያው ጎረቤት የሚጠብሰው ዓሣና የሞሮኮዋ ሴትዮ ቅመም ተቀላቅሎ የሚሸትበት ሕንፃ። እኔ እስራኤል የገባሁት በአስማረ ቤተሰብ ፋይል ነው። የእናቴ ፋይል ግን ለብቻው ነበርና ሳያልፍ ቀረ። ጎንደር ከተማ አንድ ክፍል ተከራይታ፣ ዛሬ ይጠሩኛል ነገ ይጠሩኛል እያለች ትጠብቅ ነበር። ዓርብ ዓርብ ታሃና መርካዚት፣ አውቶቡሱ ሁሉ ከሚነሳበት አጠገብ ካለ ሱቅ የስልክ ካርድ ገዝቼ እደውልላታለሁ። ስልኩ የጎረቤቷ ስለሆነ፣ ተጠርታ እየሮጠች ስትመጣ ትንፋሿ ይሰማኛል።

«ብርድ እንዳይመታሽ» ትለኛለች ሁልጊዜ።

«እማዬ፣ እዚህ እኮ በረሃ ነው።»

«ይሁን። ልበሺ።»

ሺራን ማርገዜን ስነግራት እልል አላለችም። «እንግዲህ ቶሎ ልምጣ» አለችኝ። ብቻውን የሚወልድ ሰው ያሳዝናታል።

በሳምንት ሦስት ቀን ለሃቪም እሄዳለሁ። ባቡሩ ያኔ አዲስ ነበር፤ ወንበሩ ሳይሞቅ ይደርሳል። ከጣቢያው እስከ ሰዎቹ ቤት ግን ዳገቱን በእግር ነው። የማጸዳላቸው ሴትዮ ሩት ይባላሉ። ከደቡብ አፍሪካ የመጡ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ እንግሊዝኛ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ባላቸው የሞቱባቸው ሰው ነበሩ። በዕብራይስጥ ትልቁም ትንሹም «አንቺ» ነው። እኔ ግን የእናቴን እኩያ አንቺ ማለት አፌ ላይ ይከብደኝ ነበር፤ አሁንም ስጽፍ እርስዎ ብላቸው ይሻለኛል።

ሩት ከሥራ በፊት ሻይ በወተት ያፈላሉ። ከአንድ የቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ በምድጃ የደረቀ ወፍራም ዳቦ አውጥተው «ንከሪው» ይሉኛል። ሳይነከር ጥርስ ይሰብራል፤ ሲነከር ግን የገብስ ቆሎና የቅቤ ዓይነት ጣዕም አለው። ከዚያ የጫማ ካርቶን ያመጣሉ። ካርቶኑ ውስጥ በወፍራም ብዕር የተጻፉ የቃል ካርዶች ነበሩ። ማስተማር የለመደ ሰው አያርፍም። ተማሪ ቢያጡ እኔን ያዙኝ።

«አንድ ጭራ ከያዝሽ ሠላሳ ቃል ትይዣለሽ» አሉኝ መጀመሪያ ቀን። አራቱን ፊደሎች በጣታቸው ሸፍነው «ካይንድ፣ ደግ ማለት ነው» አሉ። ጣታቸውን አነሱ። «ካይንድነስ ሲሆንስ?»

«ደግነት!» አልኩ በአማርኛ፣ ሳላስበው። «እኛም ጭራ አለን! ደግ፣ ደግነት። ብቸኛ፣ ብቸኝነት።»

በጣም ደነቃቸው። አጨበጨቡልኝ እኮ። እኔን በሕይወቴ ለትምህርት ያጨበጨበልኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው።

ከዚያ በኋላ ካርዶቹን በማጸዳው ዕቃ ላይ መለጠፍ ጀመሩ። ሳልፍ ሳገድም እንዳያቸው ነው። ስዊትነስ፣ ጣፋጭነት፣ የስኳር ዕቃው ላይ። ዳርክነስ፣ ጨለማ፣ አምፖሉ የተቃጠለው ቁም ሣጥን ውስጥ። ሲክነስ፣ ሕመም፣ የመድኃኒቱ መሳቢያ ላይ። ካይንድነስ የዳቦው ጣሳ ላይ። የሟች ባላቸው ጠረጴዛ ላይ ቢዝነስ የሚል ሲለጥፉ ሳቅኩ፤ ቢዝነስንማ ጎንደርም እናውቀዋለን። «ሥራ የበዛበት ከሚለው ነው የመጣው፤ ቤተ ዘመድ ናቸው» አሉኝ። እናትነትን ስጠይቃቸው ግን የሌላ ጭራ ነው አሉ። ለምን ቢባል እንጃ። ሎንሊነስ፣ ብቸኝነት፣ የሚለውን የት እንደሚለጥፉት ጨነቃቸው። ካርዱን እንደያዙ ሳሎኑን ዞረው ዞረው፣ መጨረሻ ላይ የቀሚሳቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት።

ናምነስን ያስረዱኝ በበረዶ ነው። በዕብራይስጥ ሲነግሩኝ አልገባኝ ስላለ ከፍሪጅ የቀዘቀዘ አተር በከረጢቱ አምጥተው መዳፌ ላይ ጫኑት።

«ያዢው። እስክነግርሽ አትልቀቂ።»

መጀመሪያ ቀዘቀዘኝ፣ ከዚያ አቃጠለኝ፣ ከዚያ ምንም። በማንኪያ ጀርባ ጣቴን መቱኝ።

«ተሰማሽ?»

«አልተሰማኝም።»

«ይሄ ነው ናምነስ። እጅሽ አለ፣ ግን የለም።»

«መደንዘዝ» አልኳቸው። ይሄኛው እኛ ዘንድ ጭራ የለውም።

የእርግዝናዬን ስድስተኛ ወር ስጨርስ ነገሮች መለወጥ ጀመሩ። አንድ ዓርብ አስማረ «የጎንደር መስመር ተበላሽቷል አሉ» አለኝ። በሚቀጥለውም ዓርብ ተበላሽቷል። የስልክ ካርድ የሚገዛው እሱ ሆነ፤ የሚገዛውም አይሠራም። ቀጥሎ እማማ ስንዱ መምጣት አበዙ። የሠፈሩ አሮጊት ናቸው፤ በሰማንያዎቹ ቀድመው የገቡ፣ ሁላችንን እንደ ልጅ የሚቆጡ። በፊት በሳምንት አንዴ ብቅ ይሉ የነበሩት፣ በየቀኑ ተልባ በጥብጠው እያመጡ ደረጃውን እያለከለኩ ይወጣሉ።

«ጠጪ የኔ አበባ። ለሆድሽ ነው።»

«እማማ፣ ትናንትም አመጡልኝ እኮ።»

«የትናንቱ የትናንት ነው። ወሩ ስንት ሆነ?»

«ትናንት የነገርኩዎት ነዋ።»

ሱቅ ስገባ ሴቶቹ ወሬያቸውን ይቆርጣሉ። የማያውቁኝ ሳይቀሩ እጄን ሁለት ጊዜ ይስማሉ። አስማረም ከፋብሪካ ሲመለስ ስፖንጃ ያዘ፤ ስፖንጃ ማለት እዚህ አገር ወለል በውሃ የሚታጠብበት ነው። ጎንደር ያደገ ወንድ፣ ሱሪውን ሰብስቦ ውሃ ሲገፋ አስቡት። እኔ ምን አልኩ? እርጉዝ ስለሆንኩ ነው አልኩ። ሰው ደስ የሚለውን ምክንያት ነው የሚያምነው።

አንድ ማክሰኞ ለሃቪም ደረስኩ። ሐምሲን የሚሉት የአቧራ ነፋስ ቀን ነበር፤ ሰማዩ ቢጫ፣ ጥርስ ውስጥ አሸዋ። ገብቼ ጃኬቴን ልሰቅል ስል፣ ሩት ኮቶቻቸውን በሚሰቅሉበት ላይ የአስማረን ቆብ አየሁ። ሰማያዊ ነው፤ ከፊት በኩል የተተረተረውን እኔ ራሴ በጥቁር ክር የሰፋሁት። አስማረ ለሃቪም መጥቶ አያውቅም። ከሩት ጋርም አይተዋወቁም።

ሩት ከኩሽና ብቅ አሉ። እኔን አዩ፣ ቆቡን አዩ።

«ባለቤቴ እዚህ ምን ይሠራል?» አልኳቸው።

«ትናንት መጥቶ ነበር» አሉ።

«ለምን?»

ሻዩን ሳይቀዱ ማንቆርቆሪያውን መልሰው አስቀመጡ። «እንዳልነግርሽ ለምኖኛል። እኔ መዋሸት አልችልም። ልነግርሽም አልችልም። ስለዚህ እባክሽ አትጠይቂኝ።»

ቆሜ አሰብኩ። መስመሩ፣ ተልባው፣ ሱቁ፣ ስፖንጃው። አንድ በአንድ ተደረደሩልኝ። እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም፣ በመንገድ አይነገርም። ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ በጠዋት፣ በር አንኳኩቶ ነው የሚነገረው። ለእርጉዝ ሴት ደግሞ እስክትወልድ ድረስ ጨርሶ አይነገርም። ደሟ ይፈሳል፣ ልጁ ይወርዳል ይባላል። አገር ቤት እኔም ራሴ ለአንዲት ጎረቤታችን የወንድሟን ሞት ሦስት ወር ሙሉ ደብቄ፣ አብሬያት ስስቅ ከርሜያለሁ። አስማረ የመጣው ሩት ከቤታቸው ስልክ ጎንደር እንዳያስደውሉኝ ሊለምን ነው። ለምኖ ሲወጣ ቆቡን ረሳ።

«እናቴ ናት?» አልኳቸው።

ሩት ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ከዚያ እንባቸው መጣ። እኔ አላለቀስኩም።

«ለእሱ እንዳይነግሩት» አልኳቸው። «ማወቄን እንዳይነግሩት።»

«እንዴት?» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ምን ዓይነት ሰዎች ናችሁ? እሱ ካንቺ ይደብቃል፣ አንቺ ከእሱ ትደብቂያለሽ፤ ታዲያ እናትሽን ማን ያለቅስላቸዋል?»

ምን ብዬ ላስረዳቸው? ሰዉ ሁሉ ለእኔና ለሆዴ ብሎ የመርዶውን እሳት በእጁ ይዞ ቆሟል። አወቅሁ ካልኩ አስማረ ይሰበራል። እማማ ስንዱ «ልጁ ቢወርድስ?» ብለው በየቀኑ ይሞታሉ። ለቅሶውም በግማሽ ይሆናል፤ ሽማግሌ ሳይቆም፣ ሴቶቹ ሳይሰበሰቡ፣ የእናቴ መርዶ በቆብ ተነግሮ ይቀራል። ይህን ለማለት ዕብራይስጤ አልበቃኝም። ባልዲውን ሞላሁና ወለላቸውን አጠብኩ። ከሳሎን ጀምሬ እስከ በረንዳው። አቧራው ብዙ ስለነበር ሁለት ጊዜ አጠብኩት። ቆቡን እዚያው የተሰቀለበት ተውኩት፤ ሩት በፖስታ ይላኩለት፣ ይጣሉት፣ እስካሁን አላውቅም።

ከዚያ በኋላ እስክወልድ ያሉትን ወራት እንዴት እንደኖርኩ ብትጠይቁኝ የምነግራችሁ ብዙ የለኝም። ተልባውን ጠጣሁ። አስማረ «መስመሩ አሁንም...» ሲለኝ «አይ እነዚህ የስልክ ሰዎች» እለዋለሁ። በልቤ የእናቴን ትንፋሽ ለመስማት እሞክራለሁ፤ እየሮጠች ስትመጣ የሚሰማኝን። አይመጣም። ሺራ ትራገጣለች፤ እጄን አደርግበታለሁ፤ እጄ አለ፣ ግን የለም። አንዳንዴ አውቶቡስ ውስጥ የማላውቃት ሴት ስታለቅስ ሳይ እቀናባት ነበር።

ሺራ ተወለደች። ጤነኛ፣ ድምፀ ትልቅ። እማማ ስንዱ ማዋለጃው ክፍል በር ላይ እልል ብለው ነርሷ ተቆጣቻቸው። ለሴት ልጅ ሰማንያ ቀን ይጠበቃል። በሰማንያ አንደኛው ቀን ማለዳ፣ ፀሐይ ገና ሕንፃው ጀርባ እያለች፣ በራችን ተንኳኳ። አስማረ ሄዶ አልከፈተም፤ ግድግዳው ላይ ተደግፎ ቆመ። እኔ ከፈትኩ። አባባ ፈረደ የሚባሉት ሽማግሌ ከሦስት ወንዶች ጋር፣ ከኋላቸው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የለበሱ ሴቶች ደረጃውን ሞልተው ቆመዋል።

«ይግቡ አባባ» አልኩና ወንበር አቀረብኩ።

«ልጄ» አሉ አባባ ፈረደ ሳይቀመጡ፣ «እግዚአብሔር ልጅ ሰጥቶሻል። የሰጠም የወሰደም እሱ ነው። በርቺ። እናትሽ ካረፉ ቆይተዋል።»

ሴቶቹ ባንድ ጊዜ ጮኹ። ሕንፃው ተንቀጠቀጠ፤ የሞሮኮዋ ሴትዮ በማታ ልብሷ ወጥታ፣ ምን እንደሆነ ሳታውቅ አብራ አለቀሰች። የእናቴን ነጠላ አመጡ። ከጎንደር ሰው አስይዘው፣ እስከዚያ ቀን እማማ ስንዱ ቁም ሣጥን ውስጥ ደብቀውት የከረሙትን። ይኸው ጊዜው፣ ይኸው ሰዉ፣ ይኸው ነጠላዋ። አሁን አልቅሺ አልኩ ራሴን። ለዚህ አይደል የጠበቅሽው? አንዲት ጠብታ አልወጣችም። ደረቴን መታሁ፤ የሌላ ሰው ደረት ነው። እማማ ስንዱ ክንዴን ቆነጠጡኝ። «አልቅሺ እንጂ ልጄ፣ እንዳይቆራኝሽ!» ቁንጥጫውም አልተሰማኝም። ያኔ ነው የሩት አተር ትዝ ያለኝ። የዚያን ቀን ማንኪያው ጣቴ ላይ ሲያርፍ ዓይቼዋለሁ፤ ግን አልተሰማኝም።

ከሰዓት በኋላ ሩት መጡ። ማን እንደነገራቸው አላውቅም። በዚያ ዕድሜያቸው ሦስት ፎቅ ወጥተው፣ የዳቦ ጣሳቸውን እንደታቀፉ፣ ካርዱ ሳይነሳ ተለጥፎበት፣ ከሴቶቹ መሃል ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ። ሴቶቹ ሲያለቅሱ አለቀሱ፣ ሲበሉ በሉ።

እማማ ስንዱ ሰዉ ሲሳሳ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «መቼ ነው ያወቅሽው?»

ደነገጥኩ። «እንዴት አወቁ?»

«ያላወቀ ሰው በጠዋት ሽማግሌ በሩ ላይ ሲያይ ይጮኻል። አንቺ ወንበር አቀረብሽ።» ቀጥለውም «ለአስማረ አልነግረውም» አሉኝ። አልነገሩትም። ያንንም ይዘውት አረፉ። ለእናቴ ያለቀስኩት ሺራ መራመድ ስትጀምር ነው፣ ገበያ መሃል፣ ናና እየመረጥኩ፤ ከጀርባዬ አንዲት ሴት እያለከለከች ስትሮጥ ሰምቼ።

ይኸው የፍሪጁ ወረቀት ይህን ሁሉ ጎትቶ አወጣው። ሽንኩርቱን እዚያው ተውኩትና እጄን ታጠብኩ። ሺራ ከጠረጴዛው አልተነሳችም። ስልኬ ተገልብጦ አጠገቧ አለ። ዛሬ ጠዋት ሳልነግራት ሻይ አፍልታልኛለች። ትናንትም። ይህች ልጅ ስኒዋን እንኳ አታነሳም ነበር።

ማንም አላስተማራትም። ምናልባት ያን ጊዜ ሆዴ ውስጥ ሆና ዝምታውን ስትሰማ ይሆናል የተማረችው።

«ሺራ» አልኳት ፊት ለፊቷ ቁጭ ብዬ፣ «አባትሽ ሐሙስ ለምን ወለል አጠበ?»

ስልኩን በመዳፏ ሸፈነችው።

«መልሱ መቼ መጣ?»

«ረቡዕ» አለች። በአማርኛ ነው ያለችው። «አባ እስከ ሰንበት ድረስ እንዳትነግሪያት አለኝ። አብረን ልንነግርሽ ነበር። ሐኪሟ ሰኞ ትፈልግሻለች። ሕክምና አለው ይላል፣ አንብቤዋለሁ፣ ብዙ ጊዜ አንብቤዋለሁ...»

«ብቻሽን?»

በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ከረቡዕ ጀምሮ እሳቱን ይዛ፣ ከላዩ ላይ የእንግሊዝኛ ቃል ስታጠና ሰንብታለች።

አልተቆጣኋትም። በምን አፌ? የሚደብቁሽ ስለሚወዱሽ ነው፤ ይህን አውቃለሁ፣ እኔም በዚያው ፍቅር ደብቄያለሁ። ግን ዝምታው ሰውዬውን ከነሕይወቱ ከመሃል እንደሚያስወጣው፣ የራስን ሐዘን በጊዜው ካልያዙት እጅ እንደሚደነዝዝ፣ ይህን ደግሞ ከእኔ በቀር በዚህ ቤት የሚያውቅ የለም። ካልነገርኳት ማን ይነግራታል?

«ስልኩን ገልብጪው» አልኳት። «ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ። አንድ ቃል እንዳታስቀሪ። ያልገባኝን ታስረጅኛለሽ።»

ወንበሯን ስባ አጠገቤ መጣችና እጄን ያዘችኝ። ጣቶቿ እንደ በረዶ ቀዝቅዘዋል። ተሰማኝ።